የአገልግሎት ክለብ ውስጥ ልግባ? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

«የክለብ አባል ነኝ» ያለ ሰው ጥያቄ አያጣም። «ክፍያ አለው?» ይባላል። «ከጀርባችሁ ማን አለ?» ይባላል። «ቅዳሜ ቅዳሜ እየተሰበሰባችሁ ምን ትሠራላችሁ?» ይባላል። አንድ ደግሞ ብዙ ሰው አፍ አውጥቶ የማይጠይቀው፣ ግን ፊቱ ላይ የሚነበብ ጥያቄ አለ፦ «ፎቶ ከመነሣት ሌላ ምን ሠርታችኋል?» እሱንም አልዘለልኩትም። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የአገልግሎት ክለብ ምንድን ነው?

የአንድ አካባቢ ሰዎች በፈቃዳቸው ተሰባስበው፣ ከኪሳቸው አዋጥተው፣ ጉልበትና ሙያቸውን ጨምረው ለአካባቢያቸው የሚሠሩበት ማኅበር ነው። ደሞዝ የለም። አባላቱ የየራሳቸው እንጀራ አላቸው፤ ነርስ፣ ሹፌር፣ መምህር፣ ነጋዴ፣ ጡረተኛ። ከእርዳታ ድርጅት የሚለየውም እዚህ ላይ ነው። ድርጅት ቅጥር ሠራተኛ፣ ቢሮና የለጋሽ በጀት ይኖረዋል። ክለብ ያለው አባላቱ ብቻ ናቸው። እነሱ ከቀዘቀዙ ክለቡ የለም።

አንዳንዱ ክለብ ራሱን ችሎ የቆመ ነው። ሌላው እንደ ሮታሪ፣ ላዮንስ ወይም ኪዋኒስ ባለ ዓለም አቀፍ ማኅበር ሥር ነው። እንዲህም ሆኖ ከላይ ትእዛዝ አይጠብቅም። ሰፈሩ ውስጥ ምን እንደሚሠራ የሚወስነው ክለቡ ራሱ ነው።

ነገሩ ከየት ተጀመረ?

የመጀመሪያው ከቺካጎ ነው። ፖል ሃሪስ የሚባል ጠበቃ በፌብሩዋሪ 1905 ከሦስት ወዳጆቹ ጋር ተቀምጦ ሮታሪን መሠረተ። እውነቱን ለመናገር መነሻቸው በጎ አድራጎት አልነበረም። ትልቅ ከተማ ውስጥ ባይተዋርነት የተሰማቸው ሰዎች ወዳጅ ፈልገው ነው የተሰባሰቡት። አንዱ ለሌላው ደንበኛ መላኩም አልቀረም። ሰውን መጥቀም የሚለው ሐሳብ የመጣው ቆይቶ ነው።

የመጀመሪያ ሥራቸው ምን እንደነበር ታውቃላችሁ? የሕዝብ መጸዳጃ ቤት። በ1907 ከሌሎች ማኅበራት ጋር ሆነው መሃል ከተማ ላይ መጸዳጃ እንዲሠራ የከተማውን አስተዳደር መወትወት ጀመሩ። ተሳካላቸውም። ይሄን ታሪክ እወደዋለሁ። ሪባን ተቆርጦ የሚጨበጨብለት ዓይነት ሥራ አይደለም፤ ግን መንገድ ላይ ለሚውል ሰው ከዚያ የሚበልጥ ምን አለ?

ከዚያ ሌሎቹ ተከተሉ። ኪዋኒስ በ1915 ዲትሮይት ውስጥ ተመሠረተ። ላዮንስን በ1917 የመሠረተው ሜልቪን ጆንስ የሚባል የቺካጎ የኢንሹራንስ ሰው ነው።

ሴቶች ከመጀመሪያው ነበሩ?

አልነበሩም። ትልልቆቹ ክለቦች ለረጅም ጊዜ የወንድ ብቻ ነበሩ። ሴቶቹም ቁጭ ብለው አልጠበቁም። በ1919 ቡፋሎ ውስጥ ዞንታን፣ በ1921 ካሊፎርኒያ ኦክላንድ ውስጥ ሶሮፕቲሚስትን መሠረቱ። አውሮፕላን አብራሪዋ አሚሊያ ኤርሃርት የዞንታ አባል ነበረች። የወንዶቹ ክለቦች በር የተከፈተው በ1987 ነው፤ ሮታሪን ያስከፈተው የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ነው። ሴቶችን በመቀበሏ የተባረረች አንዲት የካሊፎርኒያ ክለብ ከስሳ፣ ጉዳዩ እዚያ ድረስ ደረሰ። በዚያው ዓመት ላዮንስና ኪዋኒስም ሴቶችን መቀበል ጀመሩ።

የላዮንስ የመጀመሪያዋ ሴት ዓለም አቀፍ ፕሬዚዳንት አይስላንዳዊቷ ጉድሩን ይንግቫዶቲር ናቸው፤ የተመረጡት ለ2018–19 ነው። የሮታሪዋ ካናዳዊት ጄኒፈር ጆንስ ደግሞ በ2022 መጡ። ዘግይቷል ብትሉ አልከራከራችሁም።

ስብሰባና ፎቶ ብቻ አይደለም እንዴ?

አንዳንዱ ክለብ እውነትም እንደዚያ ነው። ባነር ይሰቀላል፣ ቲሸርት ይታደላል፣ ትንሽ ይሠራል፣ ብዙ ፎቶ ይነሣል፣ ሁሉም ወደ ቤቱ ይሄዳል።

እንዲህ ያለውን ለመለየት አንድ ጥያቄ ይበቃል፦ «አምና የሠራችሁት ሥራ አሁን እንዴት ነው?» የተከላችሁት ችግኝ ስንቱ ቆሟል? የገዛችሁት ዊልቸር አሁንም ይነዳል? ያሳከማችኋቸው ሰዎች ለክትትል ተመልሰው ሄደዋል? መልስ ያለው ክለብ ሄዶ አይቷል ማለት ነው። «እሱማ አልቋል፣ ዘንድሮ ሌላ ነው የያዝነው» ካሏችሁ ግን አስቡበት።

ፎቶ በራሱ ጥፋት የለውም። ገንዘብ የሰጠ ሰው ምን እንደተሠራበት ማየት አለበት። አዲስ አባልም የሚመጣው አይቶ ነው። ነውሩ የሚመጣው ካሜራው የተቀባዩ ፊት ላይ ሲያተኩር ነው። ብርድ ልብስ ስለተቀበሉ ብቻ የአንዲት እናት ፊት ለዘላለም ኢንተርኔት ላይ መቅረት የለበትም። እኔ የምደግፈው ደንብ ቀላል ነው። ሥራውን አንሡ፣ ችግረኛውን ተዉ። ሰው መነሣት ካለበት አስቀድሞ ይጠየቅ፤ ልጅ ከሆነ አሳዳጊው ይፍቀድ። «እምቢ» ያለ ሰው ደግሞ እርዳታው ሊቀርበት አይገባም። ይሄን መናገር ባላስፈለገ ነበር።

በብዛት ምን ዓይነት ሥራ ትሠራላችሁ?

ከክለብ ክለብ ይለያያል። ተደጋግመው የሚታዩትን ላንሣ።

ደም ልገሳ አንዱ ነው። ክለቡ ደም አይቀዳም፤ ያ የደም ባንክ ባለሙያዎች ሥራ ነው። ክለቡ ሰው ይቀሰቅሳል፣ ቦታ ያዘጋጃል፣ መርፌ የሚፈራውን ያጫውታል። አንድ ሰው በአንድ ጊዜ የሚሰጠው በተለምዶ 450 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው። ዐዋቂ ሰው ሰውነቱ ውስጥ 5 ሊትር ያህል ደም ስላለው ጤነኛ ሰው በዚህ አይጎዳም። እዚህ ላይ ብዙ ክለብ የሚስተው ነገር አለ። ደም ጊዜው ያልፍበታል። ቀይ የደም ሴል በማቀዝቀዣ ቢበዛ 42 ቀን ነው የሚቆየው። ደም እንዲረጋ የሚያደርገው ፕሌትሌት ደግሞ ከ5 እስከ 7 ቀን ብቻ። ስለዚህ በዓመት አንዴ ትልቅ ሰልፍ ከማሰለፍ፣ በየሦስት ወሩ መጠነኛ ሰው ይዞ መምጣት ይሻላል። ጁን 14 የዓለም የደም ለጋሾች ቀን ነው፤ ያን ቀን ክለብ ሁሉ ይወጣል። የእናንተ ክለብ ሌላ ወር ቢመርጥ ጎበዝ ነው እላለሁ።

የዓይን ሥራ የላዮንስ መለያ ሆኗል። ምክንያቱ ማየትም መስማትም የተሳናት አሜሪካዊት ጸሐፊ ሄለን ኬለር ናት። በ1925 ኦሃዮ ውስጥ በተደረገው የላዮንስ ጉባኤ ላይ ተገኝታ፣ ዓይነ ስውራንን የሚያግዙ ጀግኖች እንዲሆኑ ለመነቻቸው። ተቀበሏት። በዓለም ላይ ሰውን ለዓይነ ስውርነት ከሚዳርጉት ነገሮች ቀዳሚው የዓይን ሞራ ግርዶሽ ነው። ይሄ ደግሞ በአጭር ቀዶ ሕክምና የሚድን ነው። ቀዶ ሕክምናው የሐኪም ነው፤ ዙሪያውን ያለው ሥራ ግን የክለብ ነው። ማየት የተሳናቸው አዛውንት የት ቤት እንዳሉ ማወቅ፣ ማሳመን፣ ማመላለስ፣ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ የዓይን ጠብታውን በሰዓቱ ማድረጋቸውን ማየት። ሰዎች ሕክምናው በነጻ ሆኖ ሳለ የሚቀሩት ብዙ ጊዜ አብሯቸው የሚሄድ ሰው አጥተው ነው።

የተጠቀማችሁበትን መነጽር መሰብሰብም የተለመደ ነው። ግን ያገለገለ መነጽር ተለክቶ፣ ታጥቦ፣ ተመድቦ ካልሆነ ለማንም አይሆንም። የእናንተን ዓይን ያስተካከለ ሌንስ የሌላውን ራስ ያሳምማል። ከ40 ዓመት በኋላ የቅርብ ማየት ለሚያስቸግራቸው ሰዎች ተራ የማንበቢያ መነጽር ገዝቶ መስጠት አንዳንዴ ከብዙ ካርቶን አሮጌ መነጽር ይሻላል።

ችግኝ ተከላ ላይ ብዙ ክለብ ይደክማል፤ ብዙውም ይባክናል። ችግኙን ከነፕላስቲኩ የሚቀብር ሰው ዛሬም አለ። ፕላስቲኩ ካልወጣ ሥሩ ይታፈናል። ጉድጓዱ አስቀድሞ መቆፈር አለበት፤ ተከላው ከዝናብ ጋር መግጠም አለበት፤ ከሁሉ በላይ ዝናቡ ካቆመ በኋላ ውኃ የሚያጠጣና ከከብት የሚጠብቅ ሰው ስሙ መታወቅ አለበት። በሪፖርት ላይ መጻፍ ያለበት ቁጥር የተተከለው አይደለም። ከዓመት በኋላ የተቆጠረው ነው። ቁጥሩ ያሳፍር ይሆናል። ይጻፍ።

ልጆችን ማስጠናት ከሁሉ ርካሽና ከሁሉ ከባድ ነው። ርካሽ ነው፣ ምክንያቱም ወንበርና ደብተር ካለ ይበቃል። ከባድ ነው፣ ምክንያቱም በየሳምንቱ በዚያው ቀን በዚያው ሰዓት መገኘት ይጠይቃል። አንድ ወር መጥቶ የሚጠፋ አስጠኚ ልጁን ካልመጣው የባሰ ያስከፋዋል። እዚህ ሥራ ላይ የማይደራደሩበት ደንብ አለ። አንድ ዐዋቂ ከአንድ ልጅ ጋር በተዘጋ ክፍል ብቻውን አይቀመጥም። ሁልጊዜ ሁለት ዐዋቂ፣ ሁልጊዜ ክፍት በር። ይሄ ሰውን መጠርጠር አይደለም። ልጁንም አስጠኚውንም መጠበቅ ነው።

ከነዚህ ሌላ የአካባቢ ጽዳት አለ፣ አረጋውያንን መጠየቅ አለ፣ ለተማሪዎች የንጽህና መጠበቂያ ማቅረብ አለ፣ ዊልቸር አለ። አደጋ ሲደርስም ክለብ ይነሣል። በአደጋ ጊዜ አሮጌ ልብስ ከመሰብሰብ ግን ገንዘብ መላክ ይበልጣል። ልብሱ ይከመራል፣ የሚለየው ሰው ይጠፋል፣ ለመድኃኒትና ለውኃ የሚሆነውን ቦታና መኪና ይይዛል።

ፕሮጀክት እንዴት ነው የምትመርጡት?

መጥፎው መንገድ እንዲህ ነው። አንድ አባል «ለትምህርት ቤቱ ኮምፒውተር እንስጥ» ይላል፤ ይጨበጨባል፤ ይገዛል። ከዚያ ትምህርት ቤቱ መብራት የለውም፣ ወይም አለው ግን የሚያስተምር ሰው የለም። ኮምፒውተሩ ተቆልፎበት አቧራ ይጠጣል።

ጥሩው መንገድ መጠየቅ ነው። ክለቡ ደብተር ሊሰጥ አስቦ ርእሰ መምህሯን ቢጠይቅ፣ «ደብተሩ ይደርሳል። የሴቶቹ መጸዳጃ ቤት በር የለውም፣ ትልልቆቹ ልጆች በወር አበባ ጊዜ ይቀራሉ» ልትለው ትችላለች። በር ማስገጠም ከደብተር አይወደድም። ግን ካልተጠየቀች አትናገርም። ሊሰጣት በመጣ ሰው ፊት ማን ምርጫ ያወጣል?

ዕቃ ወይም ግንባታ ከሆነ ደግሞ ሦስት ነገር አስቀድሞ መጠየቅ አለበት። ሲበላሽ ማን ይጠግነዋል? በማን ገንዘብ? ቁልፉስ ማን ጋ ነው? የመጨረሻው ቀልድ ይመስላል፤ አይደለም። የውኃ ፓምፕ ተተክሎ ቁልፉ ሩቅ ከሚኖር ሰው ጋር ከሆነ ውኃ የለም ማለት ነው። ፓምፕ ብዙውን ጊዜ ሥራ የሚያቆመው በትንሽ መለዋወጫ ምክንያት ነው። ስለዚህ ፓምፑን ከመትከሉ በፊት ተጠቃሚዎቹ ራሳቸው ኮሚቴ ቢመርጡ፣ በየወሩ ትንሽ ቢያዋጡ፣ ከመሃላቸው አንድ ሁለት ሰው ጥገና ቢሠለጥን ይበጃል። ይሄ ሁሉ ከምረቃው በፊት ወራት ይፈጃል፤ ክለቡ ደግሞ ዓመቱ ሳያልቅ ማስመረቅ ይፈልጋል። ጠቡ እዚህ ላይ ነው።

ትንሽ ክለብ ምን ሊለውጥ ይችላል?

ሁለት ታሪክ ልንገራችሁ።

በ1930 ኢሊኖይ ውስጥ ፒዮሪያ በምትባል ከተማ የላዮንስ ክለብ ፕሬዚዳንት የነበረው ጆርጅ ቦናም አንድ ዓይነ ስውር ሰው መንገድ ለመሻገር ሲቸገር አየ። የሰውየው በትር ጥቁር ነበር፤ ሾፌሮች አያዩትም። ክለቡ በትሩን ነጭ ቀባው፣ ቀይ ቀለበት አደረገለት። በዚያው ዓመት ዲሴምበር የከተማዋ ምክር ቤት ነጭ በትር ለያዘ ሰው ቅድሚያ የሚሰጥ ደንብ አወጣ። የላዮንስ ክለቦች ደግሞ ሐሳቡን በየከተማቸው አዳረሱት። ነጭ በትርን በሌሎች አገሮችም ያሰቡ ሰዎች ነበሩ። የፒዮሪያው ሥራ ልዩነቱ ቀለሙን ከደንብ ጋር ማያያዙ ነው። ለአንድ ሰው በትር መስጠት እርዳታ ነው። ሾፌሩን በሕግ ማስገደድ ግን በትር ለያዘ ሰው ሁሉ ይደርሳል።

ሌላው ፖሊዮ ነው። ሮታሪ በ1979 ፊሊፒንስ ውስጥ 6 ሚሊዮን ያህል ሕፃናትን ለመከተብ ሥራ ጀመረ። በ1985 ዘመቻውን ወደ ዓለም ሁሉ አሰፋው። በ1988 የዓለም ጤና ድርጅት፣ ዩኒሴፍና ሌሎችም ገቡበትና ዓለም አቀፍ የማጥፋት ዘመቻ ተጀመረ። ያኔ በሽታው ከ125 በላይ አገሮች ውስጥ ነበር፤ በየዓመቱ 350,000 ገደማ ሕፃናትን ሽባ ያደርግ ነበር። ኦገስት 25 ቀን 2020 የዓለም ጤና ድርጅት የአፍሪካ ቀጠና ከተፈጥሯዊው የፖሊዮ ቫይረስ ነጻ መሆኑ ተረጋገጠ። ተፈጥሯዊው ቫይረስ መሰራጨቱን ያላቆመባቸው ሁለት አገሮች ፓኪስታንና አፍጋኒስታን ናቸው።

እዚህ ውስጥ የሰፈር ክለብ ድርሻ ምን ነበር? ክትባቱ ሁለት ጠብታ ነው፣ አፍ ላይ ይንጠባጠባል። መርፌ ስለሌለው ሐኪም ያልሆነ ሰው ሠልጥኖ ሊሰጠው ይችላል። ስለዚህ ክለቦች ክትባቱ እንዳይሞቅ በበረዶ ሣጥን ተሸክመው ቤት ለቤት ከሚዞሩት ጋር ዞሩ፤ የተከተበው ልጅ ጣት ላይ ቀለም ቀቡ፤ የጠረጠሩ ወላጆችን አነጋገሩ። ገንዘቡንም አዋጡ። ትልቁ ነገር ግን ለዐሥርተ ዓመታት አለመሰልቸታቸው ይመስለኛል። ብዙ ክለብ ፕሮጀክት የሚቀይረው ሥራው ስላለቀ ሳይሆን ስለሰለቸው ነው።

ለመግባት ምን ይጠየቃል? ዕድሜስ?

ለዐዋቂዎቹ ክለቦች 18 ዓመት መሙላት፣ መልካም ስምና ፈቃደኝነት። ብዙ ጊዜ አንድ አባል ይጋብዛችኋል። የሚያውቃችሁ ከሌለ ለጸሐፊው ደብዳቤ ጻፉ፤ አያሳፍርም። ከመመዝገባችሁ በፊት በእንግድነት ሁለት ሦስት ስብሰባ ተቀመጡ፣ አንድ ሥራ ላይም ውጡ። ስብሰባው ላይ ሁሉም ሰው ጨዋ ነው። ሰውን የምታውቁት አካፋ ሲያዝ ነው።

ለወጣቶችም አለ። የኪዋኒስ የተማሪዎች ክለብ ከ1925 ጀምሮ አለ። ሊዮ የሚባለው የላዮንስ የወጣቶች ክለብ በ1957 ተጀመረ። ሮታሪ በ1962 ከ12 እስከ 18 ዓመት ላሉት ኢንተራክትን፣ በ1968 ለወጣቶች ሮታራክትን አቋቋመ። ሮታራክት ውስጥ ከ30 ዓመት በላይ መቆየት አይቻልም ነበር፤ ያ ገደብ በ2020 ተነሥቷል። ምክሬን ከፈለጋችሁ ወጣቶች ወደ ወጣቶች ክለብ ሂዱ። ትልልቆቹ ክለብ ውስጥ ወጣት ሰው ብዙ ጊዜ የሚታሰበው ወንበር ሲደረደር ነው።

መዋጮው የት ነው የሚገባው?

መዋጮ አለ፤ መጠኑን ክለቡ ይወስናል። ዓለም አቀፍ ማኅበር ሥር ከሆነ የተወሰነው ወደዚያ ይሄዳል። የቀረው ለአዳራሽ፣ ለጽሕፈትና ለመሳሰለው ነው።

ማወቅ ያለባችሁ ዋናው ነገር የሂሳብ መለያየት ነው። ከአባላት የሚሰበሰበው መዋጮ በአንድ ሂሳብ፣ ከሕዝብ ለሥራ የተሰበሰበው በሌላ ሂሳብ መቀመጥ አለበት። ለዊልቸር ብሎ ሰው የሰጠው ገንዘብ ለአዳራሽ ኪራይ አይከፈልም፤ «ለጊዜው ነው፣ እንመልሳለን» ተብሎም አይከፈልም። ገንዘብ ያዡ ብቻውን መፈረም የለበትም፤ ሁለት ፊርማ ይኑር። ደረሰኝ ይቆረጥ። በዓመት አንዴ የክለቡ አመራር ያልሆነ ሰው ሂሳቡን ያይ። ይሄን የጠየቀ አባል «አታምነንም ወይ?» ከተባለ፣ መልሱ «እንድታመኑልኝ ብዬ ነው» ነው።

ትንሽ ገንዘብ ነው ብላችሁ አትናቁ። የሮታሪ ፋውንዴሽን ሐሳብ በ1917 ሲቀርብ የገባለት የመጀመሪያ ስጦታ 26 ዶላር ከ50 ሳንቲም ነበር፤ የሰጠውም በካንሳስ ሲቲ ያለው ክለብ ነው። ዛሬ ያ ፋውንዴሽን ከዓለም ትልልቅ የበጎ አድራጎት ተቋማት አንዱ ነው።

ፖለቲካና ሃይማኖት ይገባበታል?

አይገባም። የላዮንስ ዓላማዎች ውስጥ አባላት ሕዝብን ስለሚመለከት ጉዳይ በነጻነት እንዲወያዩ ተፈቅዶ፣ በፓርቲ ፖለቲካና በሃይማኖት ልዩነት ላይ መከራከር ግን በግልጽ ተከልክሏል። ሌሎቹም ተመሳሳይ ናቸው። ክለቡ ውስጥ የሁሉም ሰው ይኖራል፤ እርዳታ ሲሰጥም ማንነት አይጠየቅም። ምርጫ ሲደርስ ብርድ ልብስ ማከፋፈል የሚወድ ሰው ፕሬዚዳንት ከሆነባችሁ ንቁ።

ጊዜ የለኝም። እችላለሁ?

ምናልባት። ድሮ ሮታሪ በየሳምንቱ መገኘትን አጥብቆ ይጠይቅ ነበር። ከ2016 ጀምሮ ክለቦች በወር ቢያንስ ሁለቴ መሰብሰብ ይበቃቸዋል፤ በኢንተርኔት የሚሰበሰቡም አሉ። በወር አንድ ግማሽ ቀን መስጠት ካልቻላችሁ ግን አባል አትሁኑ። ስም ዝርዝር ላይ ያለ፣ ሥራ ላይ የሌለ አባል ጉዳቱ ይበዛል። «ሃያ ሰው አለን» ተብሎ ይታቀድና አምስት ሰው ይደርሳል። በዓመት አንዴ በሙያችሁ ማገልገል ትችላላችሁ፤ ሂሳብ አዋቂ ሂሳቡን ይመርምር፣ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ መስመሩን ይዘርጋ። ለዚህ አባልነት አያስፈልግም።

ፕሬዚዳንቱ ለምን በየዓመቱ ይቀየራል?

በሮታሪና በላዮንስ የሥራ ዓመቱ ጁላይ 1 ይጀምራል፤ ያኔ አመራሩ ይቀየራል። ጥሩ ጎኑ ክለቡ የአንድ ሰው ርስት አይሆንም። መጥፎ ጎኑ እያንዳንዱ ፕሬዚዳንት የራሱን አሻራ ማኖር ይፈልግና የቀዳሚውን ሥራ ይተዋል። መፍትሔው ያለፈው፣ ያለውና የሚመጣው ፕሬዚዳንት አብረው እንዲያቅዱ ማድረግ፣ ለትልልቅ ሥራዎች የሦስት ዓመት ዕቅድ በቃለ ጉባኤ ማጽደቅ ነው። የጸሐፊው መዝገብም ከሰው ወደ ሰው መተላለፍ አለበት። የክለቡ ታሪክ በአንድ ሰው ስልክ ውስጥ ከሆነ፣ ስልኩ የጠፋ ቀን ታሪኩም ይጠፋል።

በአካባቢያችን ክለብ የለም። ብንጀምርስ?

ጀምሩ። ለሮታሪም ሆነ ለላዮንስ አዲስ ክለብ ለመመሥረት 20 መሥራች አባላት ያስፈልጋሉ። ማኅበር ሥር መግባት ካልፈለጋችሁ በአገሩ ሕግ መመዝገብ በቂ ነው። ስለ ስምና ስለ ዓርማ ከመጨቃጨቃችሁ በፊት ግን አንድ ትንሽ ሥራ አብራችሁ ሥሩ። አንድ የተሰባበረ የትምህርት ቤት ወንበር ክምር ጠግኑ፣ አንድ የተደፈነ የውኃ መውረጃ ጥረጉ። ማን እንደሚመጣ፣ ማን እንደሚቀር፣ ማን እንደሚያዝዝ ብቻ ያኔ ይለያል። መተዳደሪያ ደንቡን ከዚያ በኋላ ጻፉት።

እርዳታ የምፈልገው እኔ ብሆንስ?

ለክለቡ ጸሐፊ አንድ ገጽ ጻፉ። ችግሩ ምንድን ነው፣ ስንት ሰው ይመለከታል፣ እናንተ ምን ታዋጣላችሁ፣ ከተሠራ በኋላ ማን ይይዘዋል። ብዙ ክለብ ለግለሰብ በእጅ ገንዘብ አይሰጥም፤ ለሕክምና ከሆነ በቀጥታ ለሆስፒታሉ፣ ለትምህርት ከሆነ ለትምህርት ቤቱ ይከፍላል። ስለዚህ የሐኪም ማስረጃ ወይም የትምህርት ቤት ደብዳቤ አያይዙ። መልስ ከአንድ ወር በላይ ከዘገየ ደውሉ፤ ጸሐፊው ሌላ ሥራ ያለው ሰው ነውና ይረሳል። ፎቶ መነሣት ካልፈለጋችሁ እዚያው ደብዳቤው ላይ ጻፉት።